ማርና የግራር ሙጫ

እናቴ እንዳትወለድ ያደረገቻት እህቴ ሰባት ዓመት ሲሞላት በእግሯ መጥታ በራችንን አንኳኳች። ወሩ ጥቅምት፣ ሰዓቱ ረፋድ ነበር። የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

«ማንን ፈልገሽ ነው?» አልኳት።

«እናቴን።»

«እናትሽ ማን ናት?»

«ትርንጎ።»

ትርንጎ የእኔም እናት ስለሆነች አስገባኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ታከለች ለቤቱ ስድስተኛ ልጅ ነኝ። እናቴ እኔን ስትወልድ ሦስት ቀን አምጣ፣ ብዙ ደም ፈሷት፣ ለሞት ትንሽ ነበር የቀራት። ያዋለዷት እማማ ዛፌ እጃቸውን እየታጠቡ «የሚቀጥለው ይወስድሻል» አሏት። ያን ጊዜ ኪኒን የለም፣ መርፌ የለም። ያለው ከጥንት ጀምሮ ሴት ለሴት በሹክሹክታ ስትነግረው የኖረችው ነው። እማማ ዛፌ መጀመሪያ ጡት እንዳታስጥለኝ አዘዟት፤ አራት ዓመት ሙሉ ጠባሁ። ከጨዋታ ሮጬ እየመጣሁ፣ ቆሜ ጠብቼ እመለስ ነበር። ከዚያ በኋላ የግራር ሙጫ ወቅጣ በማር መለወስ፣ ጥጥ ነክራበት በማህፀኗ መያዝ አስተማሯት። ልውሱ በትንሽ ቅል ጓዳ ውስጥ ተሰቅሎ ይኖራል። ልጆች እንዳንልሰው «መራራ ነው» ተብለናል።

በአምስት ዓመቴ መምጣት የነበረባት ልጅ በዚህ ምክንያት ሳትመጣ ቀረች።

እናቴ ልጅቷን ስታይ አልጮኸችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና መደቡ ላይ አስቀመጠቻት።

«ብወልድሽ እሞት ነበር» አለቻት።

«አውቃለሁ። እዚያ ነግረውኛል።»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«ፀጉሬን የሚሠራልኝ አጣሁ።»

እናቴ ሚዶዋን አነሳች። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሹሩባ ሠራቻት። አባቴ ቢያድግልኝ ታንኳ ሠሪ ነበር፤ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ሐይቁ ዳር አስጥቶ ለምሳ ሲመጣ ሁለታችንን ጎን ለጎን አየን።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

«የእኛ። ያላመጣናት» አለች እናቴ።

አባቴ «በይ ጠጋ በይላት» አለኝና ለምሳው ተቀመጠ። እህቴ ግን አልበላችም። ገና ስላልተወለደች አይርባትም።

ከዚያ በኋላ በየጥቅምቱ፣ በዓመት አንድ ቀን መጣች። ባለፈው ዓመት ከነበረችበት በአንድ ዓመት ታድጋለች። እኔ መጀመሪያ ቀናሁባት፤ የእናቴ እጅ እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲሠራ በራሴ ላይ አላየሁትም። በኋላ ግን መስከረም ሲጠባ ጀምሮ መንገድ መንገዱን የማየው እኔ ሆንኩ። ዛሬ ሰማንያ ሊሞላኝ ነው። የሚደርቅ ደንገል ሲሸተኝ ያ ረፋድ፣ ያ ዝም ያለ ቤት፣ የሚዶው ኮሽታ ይመጣብኛል።

እህቴ አሥር ዓመት በሞላት ጥቅምት እናቴ ሹሩባውን ጨርሳ እጇን ከእህቴ ራስ ላይ ማንሳት አቃታት። ተነስታ ጓዳ ገባች፤ ቅሉን አውርዳ ወደ ደጅ አወጣችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ አባቴ።

«ልደፋው። ልውለዳት።»

«ትሞቻለሽ እኮ ትርንጎ!»

«እሷስ? በዓመት አንድ ቀን ሰው ይሆናል?»

እኔ አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። እህቴ ከመደቡ ወረደች፤ ወጥታ ቅሉን ከእናቴ እጅ ወሰደችና ወደ ጓዳ ተመለሰች። እጇ መስቀያው ላይ ስላልደረሰላት እኔን ጠራችኝ። አንስቻት ሰቀለችው። ክብደት አልነበራትም።

«እኔ እቆያለሁ እማ» አለች። «ታከለችን ማን ያሳድጋታል?»

እናቴ አቅፋት ቆየች። «እንግዲያው ስምሽ ቆዪልኝ ይሁን» አለቻት። እስከዚያ ቀን ስም አልነበራትም።

ዓመታት ሄዱ። አባቴን ቀበርን። የእናቴ ወር አበባ ቆመና ቅሉ ባዶውን ቀረ። ቆዪልኝ ሃያ ሲሞላት መምጣት አቆመች፤ እናቴ በየጥቅምቱ ሚዶዋን አጥባ ትጠብቅ ነበር። በዘጠነኛው ዓመት በሩ ተንኳኳ። ከስታለች፤ ዓይኗ ጎድጉዷል።

«ስንት ወለድሽ?» አለች እናቴ፣ ገና ስታያት።

«እዚያ አራት ወለድኩ። የመጨረሻዋ ልትገድለኝ ነበር።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማ፣ ያንን ነገር አሳዪኝ።»

እናቴ ሙጫ አስመጣችኝ፤ ማር ከጎረቤት ተበደርን። ሁለቱ ተንበርክከው ሲወቅጡ፣ ሲለውሱ፣ እናቴ «ወፍራም ይሁን፤ እንዳይፈስ» ስትል፣ ቆዪልኝ ቃሉን ስትደግም ሰማሁ። እንደዚያ ቀን እናቴ ስትስቅ አይቼ አላውቅም።

«ልጆችሽንስ የት ተውሻቸው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ውጭ ናቸው።»

ላስገባቸው ወጣሁ። አራቱ አጥሩ ሥር በቁመታቸው ተሰልፈው ቆመዋል። ከእነሱ ኋላ፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ የማላውቃቸው፣ እንደ ቆዪልኝ የከሱ ሴቶች ባዶ ቅል በጉያቸው ይዘው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። መንገዱ ሲያልቅ እነሱ አላለቁም፤ ዓይኔ እስከሚያይበት ድረስ ውሃው ላይም ተቀምጠዋል። በሩ መከፈቱን ሲያዩ ሁሉም ብድግ ብለው አንዳንድ እርምጃ ጠጋ አሉ፤ ፊተኛዋ ነጠላዋን አስተካከለች።