ከካሴቱ ጀርባ የተሰማው ባል

ወንድሜ ፕሮፌሰር ለመባል የቀረው አንድ ንግግር ብቻ ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ፣ የሰው ልብስ እየሰፋሁ ያስተማርኩት ልጅ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ያን ቀን መድረክ ላይ ወጣ። የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አስተናባሪዋ "እማማ፣ ይሄ የእንግዶች ነው" ብትለኝ ንቅንቅ አላልኩም።

ሥራው የቋንቋን የዘር ሐረግ መቁጠር ነው። ሁለት ቋንቋ ያስተያይና "ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው" ወይም "ጎረቤት ብቻ ናቸው" ብሎ ይፈርዳል። በምን እንደሚያውቅ ብጠይቀው፣ "እትዬ፣ ሰው የገበያ ቃል ከጎረቤቱ ይዋሳል፤ ዓይንን፣ እጅን፣ ውሃን ግን እምብዛም አይበደርም" ብሎኛል። ገና ተማሪ ሳለ ከአንድ ወንዝ ወዲህ ካለ መንደር የአንዲት ሴት ቃል በካሴት ቀድቶ መጣ። ከወንዝ ማዶው ቋንቋ ጋር ሲያስተያየው ዓይኑም እጁም አንድ ሆነለት። እህትማማች ናቸው ብሎ ጻፈ፤ ስሙም በዚያ ተጠራ። ከዚያ ወዲህ የጻፈው ሁሉ የቆመው በዚያ ካሴት ላይ ነው። ሌሎቹም እሱን እየጠቀሱ ጻፉ እንጂ መንደሩን ተመልሶ ያየ የለም።

ማይኩን ያዘና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሁለቱን ቋንቋዎች እህትማማች ያልኩበት ማስረጃ የለኝም" አለ። "ተሳስቻለሁ። እናንተንም ያሳሳትኩ እኔ ነኝ።"

ታሞ መሰለኝ።

ካሴቱን ከፈተው። ሴትየዋ ቃል ትናገራለች፤ ወንድሜ በዚያ በጎረምሳ ድምፁ ይደግማል፤ ከኋላ አንድ ወንድ ያጉረመርማል፤ ሰዎች ይስቃሉ።

"ያን ጊዜ ሳቁ የእፍረት መስሎኝ ነበር" አለ። "የሚሉትን አልሰማማ። የማዶውን ቋንቋ አጥርቼ የለመድኩት አምና ነው። ለዛሬ ላሰማችሁ ብዬ ስከፍተው ገና ገባኝ። የሚያጉረመርመው ባሏ ነው፤ የሚያናግራትም በማዶው ቋንቋ ነው። 'አንቺ፣ ሰውየው የጠየቀሽ የእኛን ቋንቋ ነው እኮ፤ የምትሰጪው የእናትሽን ቤት ነው' ይላታል። ለካ ሴትየዋ ከማዶ ተድራ የመጣች ናት። 'ተወው፣ እንዴት ደስ እንዳለው አታይም?' ትለዋለች።"

ይህን ሁሉ ዘመን የማዶውን ከማዶው ጋር ሲያስተያይ ኖሯል። አንዲትን ሴት መስታወት ፊት አቁሞ "መንታ ናቸው" እንደማለት ነው። ከኋላዬ አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሳል አስመሰለው። ዞሬ አየሁትና አቀረቀረ።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ የፋኩልቲው ዲን ደረሰብን።

"ዶክተር፣ ምን ነካህ? ድምፁ ጥራት የለውም፣ ገና ይጣራል ብለህ አንድ ገጽ ጻፍልኝ። የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።" ወደ እኔ ዞረ። "እህቱ ነዎት? እስቲ ይምከሩት።"

"ጻፍለት" አልኩት። የምሬን ነው። ፕሮፌሰር የሚል ሰሌዳ ልሰቅልበት የቤቱን በር ቀለም አስቀብቼዋለሁ። "ማን ጠየቀህ? ባልየው አልከሰሰህ፣ እነዚህ አላወቁብህ።"

"አልጽፍም፣ እትዬ።"

እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ከካሴቱ ይልቅ ይሄኛው ባሰብኝ።

"ድምፁ ጥርት ያለ ነው" አለው ለዲኑ። "ያልተቀዳው የባልየው ቋንቋ ነው። እስከ ዛሬ አንድም ቃል ማንም ዘንድ የለም። እዚያ መንደር ደግሞ አሁን የሚናገሩት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው ይባላል።"

"እንግዲያው ሹመቱን እርሳው" አለ ዲኑ፣ መነጽሩን እየጠረገ ሄደ።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ በመስኮት ያያል፤ እኔ ጫማውን አያለሁ። ሰፈራችን ስንደርስ አላስችል አለኝ።

"ሰውየው በሕይወት አለ?"

"አላውቅም። ያን ጊዜም ጎልማሳ ነበር።"

"ሚስቲቱስ?"

"እሷንም አላውቅም።"

"ካለች እሷ አብራችሁ እንዳትቀመጥ። ለእሱ አፍ የምትተው ዓይነት አይደለችም።"

ፈገግ ሊል ሲል ተቆጣሁት።

"ሰው ሲስቅም ዝም ብለህ አትድገም፤ ምን አላችሁ በል። ደግሞ ነገውኑ ሂድ። ሽማግሌ አይጠብቅህም።"