የቢሙ ቀኝ ክንፍ

ሦስተኛው የድጋፍ እንጨት ሲነቀል መሐንዲሷ እየሮጠች ገባች።

"አቁሙ" አለች፤ ትንፋሽ አጥሯት።

የአናጺዎቹ አለቃ ከቢሙ፣ ከኮንክሪቱ አግዳሚ፣ ሥር መዶሻውን እንደያዘ ዞረ። ታላቅ ወንድሟ ነው። አንድ ዓመት ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ በኋላ እዚህ ያስገባችው እሷ ናት።

"የቀለም ቀንዷ መጣች" አለ። "ትናንት ይነቀል ብለሽ ፈርመሽ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?"

"ከሥሩ ውጡ። ሁላችሁም።"

ሌሎቹ ወጡ። እሱ ቆመ።

ቀና ብላ አየች። ከቢሙ በስተግራ ሶሌታው፣ የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ አለ። በስተቀኝ ሰማይ ይታያል፤ የደረጃው ክፍት ቦታ ነው። የሕንፃው ባለቤት ደረጃው ወደዚህ ይዛወር ባለ ጊዜ ስዕሉን አስተካክላ ነበር። የቢሙን ስሌት ግን አልነካችም። በስሌቱ ቢሙ ብቻውን አይሸከምም፤ በግራና በቀኝ የተወሰነ ስፋት ያለው ሶሌታ ያግዘዋል። አሁን ቀኙ የለም። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ትዝ አላት። ቲኬቱ ጀርባ ላይ ደግማ ሠራችው። የቢሙ አቅም አልበቃም።

ተቋራጩ ከቢሮው ወጣ። "ማነው ያስቆመው?"

"እኔ ነኝ። ስሌቱ ተሳስቷል።"

"የማን ስሌት?"

"የኔ።"

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኅቴ፣ ስንጥቅ ይታይሻል? አይታይም። ተሳስቻለሁ ብለሽ ከጻፍሽ ፈቃድሽን ይነጥቁሻል። እኔም ከነገ ጀምሮ አንቺንም ወንድምሽንም እዚህ ማየት አልፈልግም። አስቢበት።" ተመልሶ ገባ።

ወንድምና እኅት ብቻቸውን ቀሩ።

"ይወድቃል?" አላት።

"ዛሬ ላይወድቅ ይችላል። ግድግዳ ሲጫንበት፣ ሰው ሲገባበት ነው የምፈራው።"

"አታውቂም ማለት ነው።"

"እንደማይበቃ አውቃለሁ፣ ወንድም ጋሼ።"

መሬት መሬቱን አየ። "የሚስቴ ወር ገብቷል። እስክትወልድ እንኳ ዝም በይ። ለምኜሽ አላውቅም።"

እውነቱን ነው፤ ለምኗት አያውቅም። ከፍሎ ያስተማራት እሱ ነው።

ከወደቁት እንጨቶች አንዱን አንሥታ ከቢሙ ሥር አቆመች። ጥቂት አጠረ። በትከሻዋ ደግፋ እጇን ዘረጋች።

"ሽብልቁን።"

ወደ ተቋራጩ ቢሮ ዞሮ አየ። ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። መዶሻውን ግን አልሰጣትም፤ እንደያዘው ወደ በሩ ሄደ።

ሽብልቁን ከእንጨቱ ሥር ሻጠች። ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሣችና መታችው።