የማማ አብላ ልጅ

ናዝሬት ከቶጎ ወደ ጅቡቲ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀር፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮሲዋ አርሂባ ሰፈር ድረስ መጥታ የእነናዝሬትን በር አንኳኳች። እግሯ አብጧል፤ በእጇ አንዲት ፌስታል ብቻ ይዛለች። ናዝሬት በሩን ከፍታ መጀመሪያ አላወቀቻትም። ወዲያው ግን ጮኻ ተጠመጠመችባት፤ ሁለቱም አለቀሱ። ያ ልቅሶ የውሸት አልነበረም።

ኮሲዋ የማማ አብላ ልጅ ናት። ናዝሬት በበጎ ፈቃደኝነት ቶጎ ገጠር ሄዳ ሕፃናት ስትመዝን፣ ለእናቶች ፊደል ስታስቆጥር አሥራ አራት ወር የኖረችው በማማ አብላ ግቢ ነበር። ሴትዮዋ ያለቻቸውን አንዲት አልጋ ለእንግዳቸው ለቀው ከልጃቸው ጋር ምንጣፍ ላይ ተኙ። ናዝሬት ባልዲ ስታነሳ "እንግዳ ውኃ አይቀዳም" ብለው ይነጥቋታል። ወባ የጣላት ጊዜ ኮሲዋ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከአጠገቧ አልተለየችም፤ ትውከቷን ጠረገች፣ ገላዋን በእርጥብ ጨርቅ አበሰች። ናዝሬት ስትሸኝ በመንደሩ ሰው ፊት ማማ አብላን አቅፋ "ቤቴ ቤታችሁ ነው። ልጅዎ እህቴ ናት" አለች። የናዝሬት እናት ወይዘሮ አበዛሽ ይህን በስልክ ሲሰሙ "አብላ ነው ያልሽኝ ስማቸው? ስም ከግብር ገጠመ!" ብለው ስቀው ነበር።

ኮሲዋን ጅቡቲ ያመጣት ደላላ ነው። ሆቴል ትሠሪያለሽ ብሎ አሳፈራት፤ የገባችው ግን ሰው ቤት ሆነ። አሠሪዋ ፓስፖርቷንና ስልኳን ነጥቃ ሰባት ወር ያለ ደመወዝ አሠራቻት። አንድ ቀን ቆሻሻ ልትደፋ እንደወጣች በዚያው ጠፋች፤ ሐበሻ ባየች ቁጥር የናዝሬትን ስም እየጠየቀች በሁለተኛው ቀን ደረሰች።

"በቃ፣ ደርሰሻል" አለቻት ናዝሬት በፈረንሳይኛ። "ወረቀትሽን እስክናወጣ ከእኛ ጋር ነሽ።"

እዚያው ቆመው ቶጎ ደወሉ። ማማ አብላ በስልኩ መስታወት ውስጥ ልጃቸውን ሲያዩ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። "ተመስገን! ልጄ በእህቷ እጅ ገባች" አሉ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ኮሲዋ እንግዳ ነበረች። በሁለተኛው ሳህን አጠበች፤ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አትወድም፣ የወይዘሮ አበዛሽም ወገብ ያማቸዋል፣ ማንም ተይ አላላትም። ቀጥሎ የቤቱ ልብስ ሁሉ የእሷ ሆነ። በወሩ ወይዘሮ አበዛሽ ከአንድ አልቤርጎ የአንሶላ አጠባ ተቀበሉ። "ጉልበት ተቀምጦ ምን ይሠራል?" አሉ ለልጃቸው በአማርኛ። ኮሲዋ በበረኪና ስትዘፈዝፍ ስትጨምቅ ትውላለች፤ ምሳዋንም ቤተሰቡ ከተነሳ በኋላ ኩሽና ትበላለች።

"ናዝሬት፣ ስለ ወረቀቴ ጠየቅሽልኝ?" ትላለች አልፎ አልፎ።

"በዚህ ሳምንት።"

አልጠየቀችም። የእናቷ ወገብ ዳነ፤ የእሷም ሸሚዝ ተተኩሶ ይጠብቃታል። ክፋት ነው ብላ አላሰበችውም። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ እያለች ሦስተኛው ወር ገባ።

በዚያ ሰሞን ናዝሬት ስደተኞችን በሚረዳ ድርጅት ሥራ አመልክታ ነበርና የድርጅቱን ኃላፊ ማዳም ማይሙናን ምሳ ጋበዘቻት። የመንደሩን ፎቶዎች አሳየቻት፤ የወባዋን ነገር፣ የአልጋውን ነገር ነገረቻት። ማይሙና እንባዋ መጣ። "እንዲህ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው" አለች።

ይህን ጊዜ ኮሲዋ የእጅ ውኃ ይዛ ገባች። የለበሰችው የወይዘሮ አበዛሽን አሮጌ ቀሚስ ነው፤ ጣቶቿ በበረኪና ተልጠዋል።

"እሷስ ማን ናት?" አለች ማይሙና።

ኮሲዋ መልሱን የምታውቀው መስሏት ፈገግ አለች። ናዝሬት ግን ዓይኗ የተላጡት ጣቶች ላይ አረፈ። እህቴ ናት ብትል ጥያቄ ይከተላል፤ መቼ መጣች፣ ለምን ከእኛ ጋር ማዕድ አልቀረበችም።

"ሠራተኛችን ናት።"

"ወረቀት አላት? በእኛ ሥራ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ።"

"ኧረ አላት ማዳም፤ እንዴት አይኖራትም!"

ኮሲዋ ፈረንሳይኛ ታውቃለች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። በመጀመሪያ ማይሙናን አስታጠበች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ናዝሬትን አስታጠበች። አንዲት ጠብታ መሬት ላይ አልወደቀችም።

በማግስቱ አንሶላ ልታደርስ እንደወጣች አልተመለሰች። መንገድ ላይ ወረቀት የሌለውን ሰው እያፈሰ የሚወስደው አሰሳ፣ የከተማው ሰው ራፍል የሚለው፣ አገኛት። በሦስተኛው ቀን ከፖሊስ ጣቢያ ለናዝሬት ተደወለ። የቅጥር ደብዳቤዋ ከደረሳት ገና ሁለት ሰዓት አልሞላውም።

"አንዲት የቶጎ ሴት እህቴ ናት ትላለች፤ ቁጥርሽን በቃሏ ይዛዋለች" አላት ጣቢያ ስትደርስ መኮንኑ። "ፈርመሽ ከወሰድሻት ወረቀቷ እስኪመጣ አንቺ ጋ ትቆያለች። ካልሆነ ዛሬ ከሌሎቹ ጋር ተጭና ድንበር ላይ ትራገፋለች። እስካሁን የት ነበረች? ሰው ቤት ትሠራ ነበር?"

ኮሲዋ ድንበር ተሻግረው ከመጡ አሥር ከማይሞሉ የኦሮሞ ልጆች ጋር ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ናዝሬትን ስታይ ተነሳች።

ናዝሬት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። "አላውቃትም" አለች። "ሰፈራችን ሥራ ስትጠይቅ አይቻት ይሆናል።"

መኮንኑ ወደ ኮሲዋ ዞረ። "እህቴ ናት አላልሽም?"

ኮሲዋ አላለቀሰችም፤ አልለመነችም። ናዝሬትን ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ አየቻት።

"ተሳስቼ ነው፤ ይቅርታ ጌታዬ" አለች። "እኔ እህት የለኝም።" ተመልሳም ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

ናዝሬት ውጭ አጥር ሥር ቆማ ኮሲዋና ሌሎቹ መኪና ላይ ሲጫኑ አየች። ተመልሳ መግባት ትችል ነበር፤ በሩ ከእሷ ሃያ እርምጃ አይርቅም። መኪናው እስኪነሳ ድረስ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

"ይቺ ልጅ ምን ዋጣት?" አሉ ወይዘሮ አበዛሽ እቤት ስትገባ።

"ሌላ ሥራ አግኝታ ሄደች።"

"ደህና ይሁኑ እንኳ ሳትለኝ? ውለታ ቢስ! አንሶላውን ታዲያ ማን ሊያጥበው ነው?"

በሳምንቱ ውስጥ ማማ አብላ አሥራ አንድ ጊዜ ደወሉ። በአሥራ ሁለተኛው ናዝሬት አነሳችው።

"ኮሲዋዬ ደህና ናት?"

"ደህና ናት ማማ። ሥራ ላይ ናት።"

"ትበላለች?"

"ትበላለች።"

ማማ አብላ ይመርቋት ጀመር፤ በተሰባበረ ፈረንሳይኛቸው፣ ሲያቅታቸው በራሳቸው ቋንቋ። ማኅፀንሽ ይባረክ፣ እናትሽን ያቆይልሽ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም አሏት። ናዝሬት ምርቃቱ እስኪያልቅ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ "አሜን፣ አሜን" አለች። ሰኞ ሥራ ከመግባቷ በፊት ሲም ካርዷን ቀየረች።