የሰላሁዲን ሰርጓጅ መርከብ

«ያረቢ! እንሶስላ ሞቀሻል እንዴ?»

ኡሙሰልማ የኡሙልኸይርን እጅ የያዘችው ለማጽናናት ነበር። ጎረቤት ናት፣ ደግ ናት። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ቃሉ ያመለጣት ቤት ሙሉ ሴት በተቀመጠበት ነው። የኡሙልኸይር የቀኝ እጅ ሦስት ጣቶች እስከ ጥፍራቸው ሥር ቀልተዋል። ባሏ ሰላሁዲን ከተቀበረ ደግሞ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው።

ሰሌኑ ላይ የተደረደሩት ሴቶች ወሬያቸውን ገትተው አዩ። አንዷ ስኒዋን እንደያዘች ሌላዋን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ባል የሞተባት ሴት ዒዳዋ እስኪያልቅ አራት ወር ከዐሥር ቀን ከጌጥና ከሽቶ ትርቃለች፤ ይህን ቆቦ ውስጥ የማያውቅ የለም። አፈሩ ሳይደርቅ እንሶስላ!

«እንሶስላ አይደለም» አለች ኡሙልኸይር እጇን ነጠላዋ ውስጥ እየከተተች። ከዚያ በላይ ብትናገር ልቅሶው እንደሚቀድማት ስላወቀች ዝም አለች። ዝምታዋም እንደ ማመን ተቆጠረባት። የሟቹ እናት ሀጀራ ከጥግ ቀና ብለው የምራታቸውን ፊት አተኩረው አዩና፣ የሙስበሃቸውን ዶቃ መቁጠር ቀጠሉ።

ቀዩ የመርከብ ቀለም ነበር።

ሰላሁዲን ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት መርከብ ቀብቷል። ከመወጣጫ ወድቆ ወገቡ ከተሰበረ በኋላ ተሰናብቶ ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ ሻንጣ ልብስ፣ ጥቂት ቆርቆሮ ቀለምና ማንም የማያምነው ወሬ ነው። የወዳጅ አገር ሰርጓጅ መርከብ ወደብ ገብታ ሆዷን የቀባሁት እኔ ነኝ ይላል። «ሰው ጭና ባሕር ሥር ትገባለች። እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ይተኛሉ፣ ሲያሻቸው ይወጣሉ።» የቆቦ ሰው ደግሞ ብረት ሲሰምጥ እንጂ ሲወጣ አይቶ አያውቅም። «ሰላሁዲን ዓሣው» የሚል ስም አወጣለት። ለገበያ የሚመጣው የጎብዬ ነጋዴ ሳይቀር «ዛሬስ ከየትኛው ጎርፍ ወጣህ?» ይለው ነበር። ሰላሁዲን አብሮ ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን አይስቅም።

«አንቺስ ታምኚኛለሽ?» ብሎ ጠይቋት ያውቃል፣ በተጋቡ በዓመቱ።

«ባሕሩን ራሱን መች አየሁትና!» አለችው እየሳቀች። ያን ሳቋን ዛሬ ብታገኘው መልሳ ትውጠው ነበር።

ከዋንዛ እንጨት ክንድ የምታህል ሰርጓጅ መጥረብ የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። ከላይ ጥቁር፣ ከውሃው መስመር በታች ቀይ። ወገቡ አልታጠፍ ስላለው እሱ ሲፍቅና ሲቀባ የምታገላብጥለት ኡሙልኸይር ነበረች። የትምህርት ቤቱ መምህር ውዱ አንድ ቀን ሰርጓጇን አይቶ አፉን ያዘ፤ ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ደሴ ትሄዳለች፣ ከፊቷም «ሠሪ፦ ሰላሁዲን» የሚል ጽሑፍ ይቀመጣል አለ። የዚያን ሳምንት ሰላሁዲን ሰው ባገኘ ቁጥር ያለ ምክንያት እጅ ይጨብጥ ነበር።

የመጨረሻውን ቀይ ሲቀባ የክረምት መውጫ ወባ ያዘው። እያንቀጠቀጠው ቀባ። ቀለሙ ከሆዷ ላይ ወርዶ ተዝረከረከ፣ አንዳንድ ቦታ ረግቶ ጠብታ ሠራ፣ የብሩሹ ፀጉርም ተጣብቆ ቀረ። በማግስቱ ከመኝታው ቀና ብሎ አያትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ባሕር ኃይል የነበረ ሰው ይህን ቢያይ፣ የቀባት ሰው መርከብ አይቶ አያውቅም ነው የሚለው። ሳትስተካከል እንዳትሰጪያቸው» አላት። በአራተኛው ቀን ሞተ።

መምህር ውዱ ለቅሶ ሲደርስ የደሴው መኪና ቅዳሜ ጠዋት እንደሚነሳ አንገቱን ደፍቶ ነገራት። አሁን ረቡዕ ነው።

ሴቶቹ መልሰው ሲያወሩ ኡሙልኸይር ወደ ጓዳ ገባች። ሀጀራ ተከትለዋት ገብተው መጋረጃውን መለሱ።

«አሳዪኝ።»

እጇን ዘረጋች።

«እጅሽን አላልኩም። የምትደብቂውን ነው።»

ጨርቁን ገለጠችው። ሰርጓጇ በሁለት ጡብ ላይ ተጋድማለች፤ ግማሽ ጎኗ ለስልሷል፣ ግማሹ ገና ጠብታ ነው።

«ጠብታውን በቢላ አይቆርጡትም፣ ይቦደሳል» አለች ኡሙልኸይር ፈጠን ፈጠን ብላ። «ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነክረው ቀስ ብለው ማሸት ነው። ከዚያ ጠርጎ በመስኮቱ ብርሃን ማየት። እሱ ነው ያስተማረኝ፣ እማዬ።»

«ሰው ምን ይላል፣ ልጄ?»

«ሰው በቁሙ ዓሣው ብሎታል። እኔን ያሻውን ይበለኝ።»

«ዛሬማ ዳሱ ውስጥ ‹ባሕር ያቋረጠ ጀግና› እያሉት ነው።»

«የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» አለች ኡሙልኸይር፣ እንባዋም መጣ።

ሀጀራ በጓሮ በር ወጥተው ወንዶቹ ወደ ተቀመጡበት ዳስ ሄዱና ሼህ ታሂርን ለብቻቸው ጠርተው ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገሯቸው። ሼሁ ጢማቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡ።

«ዒዳ ላይ ያለች ሴት ራሷን አታጊጥ ነው የተባለው፣ ሀጀራ። እንጨቱ ዒዳ የለበትም» አሉ። «ጣቷን ግን ትታጠብ፤ ኡሙሰልማም አርፋ ትቀመጥ።»

ሀጀራ ተመልሰው ሴቶቹ መሐል ቆሙ። «እንሶስላ አይደለም። የልጄ የሥራ ቀለም ነው። ጀምሮ የተወውን እየጨረሰችለት ነው» ብለው ተቀመጡ። ኡሙሰልማ ከቤቷ በጠርሙስ ነጭ ጋዝ ይዛ መጥታ፣ «አፉ በይኝ እህቴ» እያለች የኡሙልኸይርን ጣቶች ራሷ አጠበቻቸው። የጋዙ ሽታ ጓዳውን ሞላው፤ ዓይን ያስነባው እሱ ይሁን ሐዘኑ አልለይ አለ።

ሐሙስ ሦስተኛው ቀን ነው። ለሰደቃው ፍየል ታርዶ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ኡሙልኸይር የመጨረሻውን ጠብታ ፍቃ ከጨረሰች በኋላ የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተች፤ ከሥሩ የቀረው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው። ከምጽዋ የመጣ ቀለም ነው፣ ቆቦም ሮቢትም ቢዞሩ አይገኝም። ከተበላሸ ተበላሸ።

ብሩሹን ነከረች። «ብሩሹን አትግፊው፤ ተከተዪው» ይላት ነበር ሰላሁዲን፣ ሲደክመው ብሩሹን አቀብሏት። ትንፋሿን ይዛ የሰርጓጇን ሆድ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ቀባችው። ሀጀራ አጠገቧ ተቀምጠው፣ የራሳቸውን ልጅ የሚያዋልዱ ይመስል «ቢስሚላህ፣ ቀስ፣ ቀስ» ይላሉ። ብሩሹ ሲነሳ የወረደ የለም፣ የረጋ የለም። ቀዩ ሆድ መስኮቱን መልሶ ያሳያል።

ደስ ብሏቸው ሳይጨርሱ ዝንቡ መጣ። የሥጋው ሽታ የጠራው የግቢው ዝንብ በመጋረጃው ሥር እየገባ ቀለሙ ላይ ማንዣበብ ያዘ። አንዱ አረፈ። ኡሙልኸይር በመርፌ ጫፍ አንሥታ የተወውን ጭረት በብሩሹ ጫፍ ደፈነች። ሌላ ሁለት መጣ። በጨርቅ ብትሸፍናት ጨርቁ ይጣበቃል፤ ብታራግብ አቧራ ይነሳል።

ሀጀራ ተነሡ። የሐዘን ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሁለቱን ጫፍ ያዙና፣ ቀለሙን ሳይነካ ሰርጓጇ ላይ እንደ ዳስ ዘረጉት። ኡሙልኸይርም በሌላው ወገን ጎንበስ ብላ ገባች። ነጠላው ሥር የሁለቱ ፊት ተቀራረበ።

«ምጽዋ የቀባት ይህቺን ነው?» አሉ ሀጀራ በሹክሹክታ።

«ሆዷን። እውነተኛዋን።»

«እኔም እኮ አላመንኩትም፣ ልጄ። እናቱ ሆኜ። እንዲህ የምታምር መሆኗን መች ነገረኝ።»

«ነግሮን ነበር፣ እማዬ። ለሁለታችንም ነግሮናል።»

የአሮጊቷ ክንድ ዛለ። «ያውርዱት፣ እኔ ልያዘው» አለቻቸው ኡሙልኸይር። ራሳቸውን ነቅንቀው እምቢ አሉ።

ከውጭ የሼህ ታሂር ድምፅ ተሰማ። የሦስተኛው ቀን ዱዓ ተጀመረ፤ ሼሁ ሰላሁዲንን በስሙ ጠርተው ምሕረት ለመኑለት፣ ግቢ ሙሉ ሰው መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ። የሀጀራ እጆች ነጠላውን እንደያዙ ነበሩ። ሳያወርዷቸው፣ ትንፋሻቸው ቀለሙን እንዳይነካው ፊታቸውን ወደ ጎን መለስ አድርገው፣ «አሚን» አሉ።