የሎጋዋና የድንቡሼ ኩርፊያ

ሎጋዋ ልጆች ማሰልጠን የጀመረችው ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ቅርጫት ኳስ መጫወት ካቆመች በኋላ ነው። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ቁመቷ ገና በልጅነቷ ስሟን ውጦት ቀርቷል። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሴቶች ልጆችን ጣሪያው በሚያፈስ አዳራሽ ትሰበስብና ኳስ ማንጠር፣ መቀባበልና መከላከል ታስተምራለች። ሲዘንብ መሀል ሜዳ ላይ ባልዲ ይደረጋል፤ ልጆቹም ባልዲውን እንደ ተከላካይ ቆጥረው እያታለሉት ያልፋሉ።

አንድ ቀን «ኩርፊያ» የምትለውን ዘዴ አሳየቻቸው።

«ኳሱን ለጓደኛሽ ሰጥተሽ ጀርባሽን ታዞሪያለሽ። ትከሻሽን ጣል አድርገሽ፣ የከፋሽ መስለሽ ወደ ጥግ ትሄጃለሽ። ተከላካይዋ ‹ይቺስ በቅቷታል› ብላ ስትተውሽ፣ ዞር ብለሽ በጀርባዋ ወደ ቅርጫቱ ትሮጫለሽ። ኳሱ እዚያ ይደርስሻል።»

«ማን ነው የፈጠረው ኮች?» አለች ከቡድኑ ሁሉ አጭሯ፣ ሚጢጢ የሚሏት።

«ጓደኛዬ። ግን እሷ የምሯን ነበር ያኮረፈችው።»

ልጆቹ ሳቁ። ሎጋዋ ግን ሐሳቧ ሸሸ።

ድንቡሼ የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ ጉንጯ ሙሉ፣ ሆደ ባሻ። የሚጫወቱት ከሰፈሩ እንጨት ሥራ ቤት ጀርባ፣ የሎጋዋ አባት ግድግዳ ላይ በመቱላቸው ቀለበት ነበር። መሬቱ ሰጋቱራ ስለነበር ኳሱ እንደልብ አይነጥርም። አንድ ቀን ድንቡሼ «ኳስ አትሰጪኝም» ብላ ጨዋታውን ጥላ ሄደች። የምትጠብቃት ልጅ ተወቻት። ሎጋዋ ልታባብላት ፈልጋ «በቃ እሺ፣ እንኪ» አለችና ኳሱን ወረወረችላት። ድንቡሼ ዞራ ያዘችው፣ አገባችው፣ ከዚያም ማኩረፏን ረስታ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በዚያች ዘዴ አንጫጩት።

ሁለቱም ለአቅመ ሔዋን ሲቃረቡ፣ ሎጋዋ አንድ ጠዋት ብትሄድ የድንቡሼ ቤት ተቆልፏል። አባትየው ሌላ ከተማ ተዛውረው ቤተሰቡ በሌሊት ዕቃውን ጭኖ ሄዷል። ሎጋዋ «ሳትነግረኝ!» ብላ ተቆጣች። ድንቡሼ በዘመድ በኩል ሰላምታ ስትልክላት «ደርሶኛል» ብላ መልስ ሳትልክ ቀረች። ቁጣው ከወጣላት በኋላ ደግሞ መልስ መላኩ አሳፈራት። እንዲህ እንዲህ እያለ ዕድሜ ሄደ።

ሎጋዋ ኩርፊያን ባስተማረችበት ዓመት መጨረሻ ሰልጣኞቿ ከሩቅ ከተማ ከመጣ ቡድን ጋር ተጋጠሙ። ጨዋታው እንደተሟሟቀ ከተጋጣሚዎቹ አንዷ ኳሱን ሰጥታ ጀርባዋን አዞረች፣ ትከሻዋን ጣለች፣ ወደ ጥግ አዘገመች። ሚጢጢ ተወቻት። ልጅቷ ዞር አለችና አገባች።

ሎጋዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። በወዲያኛው ጠርዝ አንዲት ወፍራም ሴት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ጉንጯ እንደ ድሮው ሙሉ ነው።

ወዲያው የሎጋዋ ልጆች ኩርፊያን ሞከሩ፤ ማንም አልተታለለላቸውም። ወፍራሟ ሴት ያን ጊዜ ቀና ብላ ወደ ሎጋዋ አየች፤ አፏን በእጇ ያዘች።

ሎጋዋ ዕረፍት ጠየቀች።

«ኮች፣ እነሱም ያኮርፋሉ እኮ» አለች ሚጢጢ እየተነጫነጨች።

«አይቻለሁ። ካሁን በኋላ ያኮረፈችውን ልጅ ብቻዋን አትተዉ፣ እግር በእግር ተከተሏት። እኛ ስናኮርፍ ደግሞ ሁለት ልጅ ይከተለናል። ስለዚህ አኩራፊዋ እዚያው ትቅር፤ ባዶ በቀረው በኩል አንቺ ትገቢያለሽ።»

ሚጢጢ ሁለት ጊዜ ገብታ አገባች። ድንቡሼም እጇን አጣጥፋ አልቆመችም፤ ልጆቿን ወደ ቅርጫቱ ሰብስባ መንገዱን ዘጋችው። መጨረሻ ላይ የእንግዶቹ ቡድን በአንድ ቅርጫት አሸነፈ።

ልጆቹ ሲጨባበጡ ሁለቱ ሴቶች መሀል ሜዳ ተገናኙ።

«ዘዴዬን ሰርቀሽ ታስተምሪያለሽ» አለች ድንቡሼ።

«ኳሱን የወረወርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አለች ሎጋዋ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሳትነግሪኝ ሄድሽ።»

«ካየሁሽ አልሄድም ብዬ እንደማለቅስ አውቅ ነበር። እናቴ ደግሞ የዚያን ሰሞን ታማ ነበር፤ ለቅሶዬን አትችለውም። ፈራሁ እህቴ።»

«እኔም ሰላምታሽ ሲደርሰኝ መመለስ ነበረብኝ።»

ድንቡሼ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በማሊያዋ ጫፍ ጠረገች። የአውቶቡሱ ሹፌር ጡሩምባ ነፋ፤ አልተንቀሳቀሱም። ደግሞ ሲነፋ ተቃቅፈው ነበር፤ ልጆቹ ከዳር ሆነው በግርምት ያዩዋቸዋል።

በቀጣዩ የትምህርት ዕረፍት ሁለቱ ቡድኖች በሎጋዋ አዳራሽ አብረው ተለማመዱ። አሰልጣኞቹ ኳስ ሲወረወር ክርን የት መሆን አለበት በሚለው ላይ ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ዋሉ፤ ልጆቹም ሁለቱን መስማት ሲሰለቻቸው ኳሱን ይዘው በገዛ ራሳቸው መጫወት ጀመሩ።