ሳሙናው ያጋለጠን ሳምንት

ዩኒቨርሲቲው በአድማ ሲዘጋ ልጄ ዛይራ የመመረቂያ ሙከራዋን ተሸክማ ማያግዌስ ከተማ ወዳለው ቤታችን መጣች። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ውሃ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ የሚለካ መሣሪያ፣ የፀጉር ማለስለሻ ውስጥ የሚገባ ሳሙና መሰል ነጭ ዱቄትና አንድ ሊትር ንጹሕ አልኮል ደረደረች። አልኮሉን ሳይ ቤቱ ሲነድ ታየኝ። የኢንሹራንሱን ወረቀት ፈልጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ማሚ፣ ሰው ቤቱ የሩም መጠጥ ያስቀምጥ የለ?» አለችኝ።

«ሩም ላይ የእሳት ሥዕል አይለጠፍም።»

ሥራዋን አጠገቧ ተቀምጬ አየሁት። የሟሟውን ዱቄት ውሃ ላይ ጠብ ታደርጋለች፤ የመሣሪያው ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይወጣል፤ አንድ ቦታ ሲደርስ አወጣጡ ይዘገያል። እዚያ ላይ የሳሙናው ቅንጣቶች ተጠራርተው ድቡልቡል ሠርተዋል ማለት ነው፤ ውሃ የሚጠላው ጅራታቸው ወደ ውስጥ፣ ራሳቸው ወደ ውጭ። ውሃው ላይ አልኮል ሲጨመር ግን ጅራታቸው ያን ያህል አይጨነቅም። ለመሰብሰብ አይቸኩሉም፤ ብዙ ሳሙና ይፈጃል።

አልኮል የሌለበትን ውሃ፣ አሥር ከመቶ አልኮል ያለበትንና ሃያ ከመቶውን ከአድማው በፊት ጨርሳለች። የቀራት ሠላሳው ነው። ፕሮፌሰሯ «እስከ ዓርብ ካልላክሽ ምረቃሽ ለከርሞ ነው» ብለዋታል።

ረቡዕ ሠላሳውን ለካች። የወጣው ቁጥር የአሥሩ ሆነ። ደገመችው፤ ያው ነው። ሐሙስ ጠዋትም ያው።

«እጄ ነው ችግሩ» ብላ ደብተሯን ዘጋች። «ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም።»

ሰኞ ዕለት ሱቅ ስትሄድ ግማሹን አልኮል ቀድቼ ደብቄዋለሁ፤ ጠርሙሱንም በውሃ ሞልቼዋለሁ። ከሙሉ እሳት ግማሽ እሳት ይሻላል ብዬ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ስል እርሳሷን አንስታ ማስላት ጀመረች።

«ግማሽ ብቻ ነው የወሰድሽው?»

«በእናቴ ነፍስ።»

«እንግዲያው አሥራ አምስት በሆነ ነበር። ይሄ አሥር ነው። ካንቺ በኋላ ሌላ ሰው ከጠርሙሱ ሢሶውን ወስዶ ውሃ መልሶበታል።»

ሁለታችንም ወደ በረንዳው ዞርን። አማቴ ዶኛ ፕሮቪደንሲያ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለዋል። ጉልበታቸው ያብረቀርቃል፤ ደጁ በሙሉ በአልኮል ተዘፍዝፎ ለጉልበት ሕመም የሚታሸው ማላጌታ ቅጠል ይሸታል።

«አቡዌላ፣ አልኮሌን ነክተሻል?» ዛይራ አያቷን ጠየቀች።

«እኔ? ድንግል ትመስክር።»

«ሳሙናው ሢሶ ተወስዷል ይላል።»

አማቴ ጉልበታቸውን በቀሚሳቸው ሸፈኑ። «ሳሙናው ያጋንናል። አንድ ብርጭቆ ተኩል ብትሆን ነው። ደግሞ ውሃውን መልሻለሁ፤ እኔ ሌባ አይደለሁም።»

ዛይራ ወደ እኔ ዞረች። «ያንቺውስ የት ነው?»

ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመርኩ።

«ማሚ።»

«ከጋዝ ሲሊንደሩ ጀርባ።»

«እሳት የምትፈራው እኮ እሷ ናት» አሉ አማቴ፣ ለጉልበታቸው የሚነግሩት ይመስል።

አልኮሉን የቀዳሁበትን የወይራ ፍሬ ብልቃጥ ከተደበቀበት አወጣሁት። ተንኖ አልቆ ይሆናል፣ እንሽላሊት ገብቶበት ይሆናል እያልኩ ነው የከፈትኩት። ደህና ነው። ዛይራ ቀላቅላ ጠብ ማድረግ ጀመረች። ቁጥሩ ወጣ። አሥሩ የዘገየበትን አለፈ። ሃያው የዘገየበትንም አለፈ። መሣሪያው ይበላሻል፣ መብራት ይጠፋል ብዬ ስጠብቅ፣ አወጣጡ ቀስ አለ።

«ሠላሳ» አለች ዛይራ። ሁለቴ ደግማ ለክታ፣ ከምሳ በፊት ላከችው።

በትልቁ ጠርሙስ የቀረውን ውሃ የበዛበት አልኮል ለአያቷ ሰጠቻቸው። «የዩኒቨርሲቲ አልኮል ለብቻው ነው» አሉ አማቴ ጉልበታቸውን እያሹ። «እንደዚህ ሳምንት ተሽሎኝ አያውቅም።»

ሲያሸልባቸው ጠብቄ ጠርሙሱን አነሳሁና፣ ለማንኛውም ብዬ ትንሽ ውሃ ጨመርኩበት።