ዮሪስ የገለበጠው ዓሣ

ሎአን ከጠዋት ጀምሮ ጉንዳን የወረራት ይመስል አንድ ቦታ አልረጋ ብላለች። ሩዙን ትከድናለች፣ ተመልሳ ትከፍታለች፣ በር ላይ ወጥታ ወንዙን ታያለች፣ እናቷ «አንቺ ልጅ፣ እንፋሎቱን ጨረስሽው እኮ!» ስትላት ገብታ ደግሞ ሩዙን ትከፍታለች። ነገ ከሰዓት በኋላ የአባቷ ጀልባ ወደ ጥልቁ ባሕር ይወጣል። ዛሬ ምሳ ደግሞ የመሸኛው ገበታ ነው። በዚያ ላይ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ፈረንጁን ጋብዛዋለች።

ፈረንጁ ዮሪስ ይባላል። ከሆላንድ የመጣ፣ እነሱ ቤት ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍል የተከራየ፣ ቁመቱ ለዚያ ቤት ያልተሠራ ሰው ነው። ከበሩ ጉበን ጋር በየቀኑ እንደሚጣላ ግንባሩ ላይ ያለው እብጠት ይመሰክራል። ወደዚህች የአጥማጆች ከተማ፣ ፋን ቲየት፣ ከመጣ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ግን ገና ብዙ ነገር አልተዋጠለትም። ሳይነጋ የሰፈሩ ድምፅ ማጉያ መለፍለፍ ሲጀምር መስኮት ከፍቶ «ማነው የሚያወራው? ደግሞ ለማን?» ይላል። ጎረቤት ካራኦኬ ሲከፍት ትራስ ጆሮው ላይ ጭኖ ደረጃውን ይወርዳል። ዓሣ ሻጯ «ዕድሜህ ስንት ነው? ሚስት የለህም? ምነው?» ስትለው ፊቱ ቲማቲም መስሎ «ይሄ የግል ጉዳዬ ነው» ይላታል። እሷም ለገበያው ሁሉ «ምስኪን፣ የሆነ ነገር ጎድሎት ነው» ብላ ታስወራበታለች። ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ነው የሚለው። ሰዉ ለምዶታል፣ ሕፃን ልጅ ሲሳደብ እንደሚሳቀው ይሳቅለታል።

ለሎአን ግን ይመቻታል። ትምህርቷን አቋርጣ ዓሣ ማድረቅ ከጀመረች ወዲህ እንግሊዝኛ የምታወራው ከሱ ጋር ብቻ ነው። የአጎቶቿ ልጆች ባሉበት እንደ ውሃ ስታንቆረቁረው ደግሞ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩዋት ደስ ይላታል። የጋበዘችውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዚሁ ነው።

ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አባቷ የጀልባው አለቃ ነው፤ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነ «ሁለት» ይሉታል። እዚያ ሰፈር የልጆች ቆጠራ ከአንድ አይጀምርም፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር ዮሪስ ብቻ ነው። ከአባቷ አጠገብ ታናሽ ወንድሙ አጎት ሰባት ተቀምጠዋል፣ የጀልባው ሞተር ሠራተኛ። ቀጥሎ ሁለቱ መርከበኞች፣ የሎአን የአጎት ልጆች። ከዚያ ዮሪስ፣ ጉልበቶቹ እንደ አንበጣ ጆሮው አጠገብ ቆመው። መሐል ላይ በዝንጅብል የተቀቀለ ትልቅ ዓሣ ከነጭንቅላቱ ተጋድሟል።

መጀመሪያ ሁሉም መልካም ነበር። ዮሪስ የሚከረፋውን የዓሣ ማባያ ሳያስነጥሰው በላ፣ ተጨበጨበለት። ሰዎቹ አንዱ ለሌላው ሳህን ላይ ሥጋ ሲያኖሩ ዓይቶ ጨዋ ልሁን አለ። የዓሣው የላይኛው ጎን አልቆ ነበር። ዮሪስ ሁለቱን ቾፕስቲኮች ከሥሩ ሰደደና፣ ለአጎት ሰባት የታችኛውን ሥጋ ሊያወጣላቸው፣ ዓሣውን አንስቶ ግልብጥ! አደረገው። አንዲት ጠብታ እንኳ አላፈሰሰም።

«አያችሁ? ለምጃለሁ!» አለ።

እናቷ የያዘችው ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። በአጥማጅ ቤት ዓሣ አይገለበጥም። አንዱ ጎን ሲያልቅ አጥንቱ ይነሳና ከሥር ያለው ይበላል፣ በቃ። ዓሣ የገለበጠ ጀልባ ገለበጠ። ይህን የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል፤ ስለዚህም ለዮሪስ መንገር ለማንም ትዝ አላለውም።

አጎት ሰባት ሳህናቸውን በቀስታ አስቀመጡ። «ወገቤን ይዞኛል» አሉ። «ነገ እንጃ።» ተነስተው ጫማቸውን አደረጉና ወጡ።

መርከበኞቹ ዓሣውን ላለማየት፣ እርስ በርሳቸውም ላለመተያየት ጣራ ጣራውን ያዩ ጀመር። አባቷ ብቻ መብላቱን ቀጠለ። «የሚመጣ ይመጣል፣ የማይመጣ ይቀራል» አለ። «ታናሼን ደጅ አልጠናም። ሞተር እኔም አስነሳለሁ።»

ሎአንን ያስፈራት ይሄ ነው። አባቷ ኮከብና ነፋስ ያውቃል፣ ሞተር ግን አያውቅም። ባለፈው ዓመት ማዕበል መሐል ሞተሩ ጸጥ ሲል አጎት ሰባት የእጅ ባትሪ በጥርሳቸው ነክሰው ከሥር ገብተው እስኪያስነሱት ድረስ ጀልባው እንደ ቆርኪ ሲንሳፈፍ ቆይቷል። አባቷ ታሪኩን እየሳቀ ነው ያወራው፤ ሲጨርስ ግን ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ጠጣ። አጎት ሰባት ካልተሳፈሩ ጀልባው ያለ ሞተር ሠራተኛ ይወጣል። አባቷ ደግሞ አልቀርም ካለ አይቀርም።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ለዮሪስ ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ መሳቁን ተወ። ከዚያም «በቃ፣ አስተካክላለሁ» ብሎ ጫማውን ሳያስር ወጣ።

«ዮሪስ! ወዴት? ቆይ!»

ማን ቆሞላት። የሱ አንድ እርምጃ የሷ ሦስት ነው። ስትደርስ አጎት ሰባት ከጓደኞቻቸው ጋር በረዶ የገባበት ሻይ እየጠጡ ከሚቀመጡበት ጥላ ሥር እንደ መብራት እንጨት ተገትሮ አገኘችው።

«ሰባት!» አለ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር። «አንተ በእኔ ተናደሃል። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን ዓሣ ዓሣ ነው፣ ጀልባም ጀልባ ነው። እስቲ በግልጽ እንነጋገር።»

ካርታ የሚጫወቱት ጓደኞቻቸው ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጠፉ። አጎት ሰባት ፈገግ አሉ። ሎአን ያንን ፈገግታ ታውቀዋለች፤ በር ሲዘጋ የሚሰማ ድምፅ ዓይነት ነው።

«ማን ተናደደ? እኔ ወገቤን ነው ያመመኝ።»

«አይ፣ ወገብህ ደህና ነው» አለ ዮሪስ። «ይኸው ተቀምጠህ ሻይ እየጠጣህ አይደል?»

ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ «ሰባት፣ ፈረንጁ ለካ ሐኪምም ነው!» ሲል ሳቁ ፈነዳ። የአጎት ሰባት ጆሮ እስከ ጫፉ ቀላ።

«ወገቤ» አሉ፣ ብርጭቋቸውን እያዩ፣ «እስከ ዝናቡ ወር የሚድን አይመስለኝም።»

ሎአን ዮሪስን በሸሚዙ ጎትታ አወጣችው። መንገዱን ሙሉ ድንጋይ እየጠለዘች ነው የሄደችው።

«ምን አጠፋሁ? እውነቱን ነው የተናገርኩት» አለ።

«እሱን ነው ያጠፋኸው! ሊመጡ ቢፈልጉ እንኳ አሁን በየት ይምጡ? ዋሽቻለሁ፣ ወገቤ ደህና ነው ብለው? በሰው ፊት?»

«እኛ አገር ሰው ሲጣላ ቁጭ ብሎ ይነጋገራል።»

«እኛም አገር ይነጋገራል። ስለ ሌላ ነገር ነው እንጂ።»

ዮሪስ ቆመ። «እንዴት ነው ስለ ሌላ ነገር አውርቶ መታረቅ የሚቻለው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ዓመት ያህል እዚህ የኖርክ መስሎኝ ነበር» ብላ ጥላው ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ አባቷ ወንዙ ላይ ሞተሩን ሲያስነሳው ሰማች። ከ ከ ከ፣ ከዚያ ዝም። ደግሞ ከ ከ ከ። እንደ ሽማግሌ ጉሮሮ። ሎአን ጨርቅ የምታጥብበትን ሳፋ ጥላ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሳች። ዓይኗ ግቢው ውስጥ የቆመው የዮሪስ ሞተር ሳይክል ላይ አረፈ። ግራ ቀኝ አየች። ጎንበስ አለችና የካንዴላውን ገመድ ነቀለችው።

ብዙም ሳይቆይ ዮሪስ ወርዶ መርገጥ ጀመረ። ረገጠ፣ ረገጠ፣ ላብ አጠመቀው። «አልነሳም አለኝ! ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው!»

«ወይኔ ጉድ!» አለች ሎአን፣ ጉንጯን ይዛ። «ከአጎቴ ሰባት በቀር ማን ይሠራዋል? ና እንግፋው።»

«እሱማ እኔን ማየት—»

«ስማኝ። ሞተሬ አልነሳ አለኝ ትላለህ። ከዚያ አፍህን ትዘጋለህ።»

«ይቅርታስ?»

«ይቅርታ የምትል ቃል ከአፍህ ብትወጣ ከነሞተርህ ወንዝ ነው የምከትህ።»

አጎት ሰባት በራቸው ላይ ጥርሳቸውን እየፋቁ ነበር። ሁለቱን ሲያዩ ፊታቸው እንደ ግድግዳ ሆነ። ሞተር ሳይክሉን ሲያዩ ግን ዓይናቸው ሳይፈልጉት ወደ ታች ወረደ። የተበላሸ ሞተር አልፈው ሄደው አያውቁም፣ የጠላታቸው ቢሆን እንኳ።

«ሞተሬ አልነሳ አለኝ» አለ ዮሪስ፣ ትምህርቱን እንዳጠና ተማሪ።

አጎት ሰባት ቀረቡ፣ ቁጢጥ አሉ። የተነቀለውን ገመድ ወዲያው አዩት። እዚያው ተንጠልጥሏል፣ ዕውርም አይስተውም። ከዚያ ቀና ብለው ሎአንን አዩዋት። ሎአን የጎረቤቱን ፓፓያ ማየት ጀመረች። «ይሄማ ተነቅሎ ነው» ብለው ቢሰኩት በቃ፣ አለቀ። ይነሳል፣ ይሄዳሉ፣ ጀልባውም ያለ እሳቸው ይሄዳል።

በዚህ መሐል ዮሪስም ጎንበስ ብሎ አየ። «እንዴ! ገመዱ እኮ—»

ሎአን ተረከዟን ጣቶቹ ላይ አሳረፈች። ዮሪስ ዞሮ አያት። አጎት ሰባትን አየ። ገመዱን አየ። እንደገና እሷን አየ። በዚያ ረጅም ፊቱ ላይ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሲበራ ታያት።

«ገመዱ…» አለ፣ «እኔ ስለ ሞተር ምንም አላውቅም።»

አጎት ሰባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሄ እንዲህ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም» አሉ። «ከባድ ነው።»

«በጣም ከባድ ነው አጎቴ» አለች ሎአን።

«ሙሉውን መፍታት ያስፈልጋል።»

ፈቱት። አሮጌ ጋዜጣ ዘርግተው ካርቡራቶሩን በየብሎኑ ፈትተው ደረደሩት፣ የጸዳውን ሁሉ እንደገና አጸዱት። ዮሪስ ቁጢጥ ብሎ ብሎን ያቀብላል። ሚስታቸው ሻይ ይዘው ወጡና ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«ወገብህ ዛሬ እንዴት ጎንበስ አለልህ?»

ዮሪስ አፉን ከፈተ። ሎአን ትንፋሿን ያዘች። ዮሪስ አፉን በሻይ ሞላው።

«አንቺ ልጅ» አሉ አጎት ሰባት ከሞተሩ ቀና ሳይሉ፣ «አባትሽ ጠዋት ሲያስነሳ ሰምቼዋለሁ። ሞተሩ ያስላል።»

«ያስላል አጎቴ። አባዬ ግን ሲሞቅ ይተወዋል ይላል።»

«ሲሞቅ! ያ ሰው ሊገድለው ነው። ያን ሞተር እኮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።» ጨርቁን ወረወሩት። «ነዳጁ ላይ ውሃ ገብቶበት ይሆናል። ማየት ብቻ ነው። ለማየት ወገብ አያስፈልግም።»

ከሁሉም መጨረሻ፣ ማንም እንዳያይ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ገመዱን ቦታው ሰኩት። በአንድ ርግጫ ተነሳ።

«ተአምር ነው!» አለ ዮሪስ። ሎአን ትንሽ አበዛው ብላ አሰበች፣ ግን ለጀማሪ አይከፋም።

አጎት ሰባት የመፍቻ ሣጥናቸውን ይዘው ወጡ። መንገድ ላይ «አያት» እየተባለ ወደሚከበረው ዓሣ ነባሪ መቅደስ ጎራ አሉ፤ አጥማጅ ሁሉ የጀልባውን ነገር ለአያት አደራ የሚልበት ነው። ዮሪስን አልጠሩትም፣ አላባረሩትምም። እሱም ተከትሏቸው ሲገባ ጉበኑ ግንባሩን ጠበቀው፣ ጧ! አጎት ሰባት ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁና ከያዙት የዕጣን እንጨት ግማሹን ሰጡት። «እንደኔ ያዘው» አሉት። እንደ እሳቸው ያዘው። ለአያት ምን እንዳሏቸው የሰማ የለም።

ወደቡ ላይ አባቷ ጀልባው ጫፍ ቆሞ ነበር። ወንድሙን አየ፣ ሣጥኑን አየ።

«መጣህ?»

«ለሞተሩ ነው የመጣሁት።»

«ሞተሩ ታች ነው።»

«የት እንዳለ አውቃለሁ።»

በቃ፣ ይሄው ነው። አጎት ሰባት ወደ ታች ወረዱ፣ መዶሻ ተሰማ፣ ስድብ ተሰማ፣ ከዚያ ሞተሩ አንድ ጊዜ ጮኸና ድምፁ ረጋ። መርከበኞቹ ተያዩና ጆንያዎቻቸውን ጫኑ። አጎት ሰባት ለማየት ብቻ ከገቡበት አልወጡም። ገመድ ሲፈታም አልወጡም። ሚስታቸው ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው ቀድመው ለሎአን እናት መስጠታቸው የታወቀው ኋላ ነው።

ጀልባው ከወደቡ ሲላቀቅ በዘይት የጠቆረ እጅ ከታች ወጣና አጎት ሰባት ብቅ አሉ። «ያን ረጅሙን በዪው!» ብለው ጮኹ። «ያን ቆርቆሮ ሞተሩን ይሽጠው!»

ዮሪስ ሎአን ላይ ጎንበስ አለ። «ይቅር ብሎኛል ማለት ነው?»

«ዝም በል።»

«መጠየቅ ብቻ ነው እኮ—»

«ዮሪስ!»

ዝም አለ። ማስነጠሱን እንዳፈነ ሰው ነበር ዝም ያለው።

ሎአን በወንዙ ግንብ ላይ ጀልባውን እየተከተለች መሄድ ጀመረች፣ ከዚያ መፍጠን፣ ከዚያ መሮጥ። ሞተሩን ታዳምጣለች። አያስልም። እስካሁን አያስልም። ያ የተገለበጠ ዓሣ ነጭ ሆዱን አሳይቶ ዓይኗ ላይ እየመጣ ያስቸግራታል። ግንቡ ሲያልቅ ቆመች። ጀልባው የወንዙን አፍ ወጣ፣ አነሰ፣ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለ፤ የትኛው የነሱ እንደሆነ ጠፋት። ዮሪስ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው።

«ዝም በል ብለሽኝ ነው።»

«አሁን አውራ።»

«ስለ ምን?»

«እኔ ምን አውቄ። ስለፈለግከው። ብቻ አፍህን አትዝጋ።»

ዮሪስ ባሕሩን አየ፣ ጥፍሯን የምትበላውን ልጅ አየ። ስለ ጀልባ አንድም ቃል አላነሳም። እናቱ ግቢ ስላሉ ዝይዎች፣ ፖስተኛውን እስከ አጥር ስለሚያሳድዱት፣ ፖስተኛውም ብስክሌቱን ጥሎ ዛፍ ላይ ስለመውጣቱ ያወራላት ጀመር። ሎአን ዓይኗን ከውሃው ሳታነሳ «ከዚያስ?» አለች። ሲጨርስም ደግማ «ከዚያስ?» አለች።